ሐምራዊው እርሳስ

«የእናቴን አፍ ልጠህ ልጠህ ጨረስከው እኮ። ለባዕድ እንደምትሠራው አድርገህ ብትሠራላት ምን ነበረበት?»

ይህች ንግግር የመጣችልኝ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሻይ እየጣድኩ ሳለ፣ በግድግዳው በኩል ነው። ሰፈሩ ጆሮዬን ግድግዳ ላይ ለጥፌ የምውል ይመስለዋል፤ የግድግዳውን ስስነት ግን ማንም አያነሳም። ጎረቤቴ ሲያስነጥስ ከአልጋዬ ሳልነሳ «ይማርህ» እለዋለሁ፤ እሱም ከአልጋው ሳይነሳ «ያኑርሽ» ይለኛል። ተናጋሪው የዚሁ ጎረቤቴ ሚስት ታላቅ ወንድም ነበር። የዕቃ መኪና ሹፌር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ እናቱን ሊያይ ጎራ ይላል፣ ሞተሩን እንኳ አያጠፋም። የተነገረው ደግሞ ለእህቱ ባል ነው፣ ለጥርስ ሠሪው። ምን ይመልስ ይሆን ብዬ ማንኪያዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ፣ ከዚያ በሩን፣ ከዚያ መኪናውን።

ጥርስ ሠሪው ሐኪም አይደለም። ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ሐኪሙ የታካሚውን አፍ ልክ ወስዶ ይሰጠዋል፤ እሱ በጄሶ ያፈስሳል፣ በሰም ይቀርጻል፣ ሮዙን ፕላስቲክ ያበስላል፣ ይሞርዳል፣ ያለሰልሳል። ያልጨረሰውን ማታ ማታ ቤቱ ይዞት እየመጣ ሲሞርድ ስለሚያመሽ ሰፈሩ «ሞረዱ» ብሎ ይጠራዋል። ሰው ሲያወራው ዓይን ዓይኑን አያይም፣ አፍ አፉን ነው የሚያየው። እኔ ስስቅ እጄን አፌ ላይ የምጭነው ጨዋ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ በእሱ ምክንያት ነው። ጥፍሮቹ ሥር ሁልጊዜ ነጭ ዱቄት አለ። ሚስቱ «ዳቦ ጋጋሪ ባገባ ኖሮ እንዲሁ ነጭ ሆኖ ቢያንስ ዳቦ ይዞልኝ ይመጣ ነበር» ትለው ነበር። እሱም «ዳቦውን በምን ልታኝኪው?» ይላት ነበር። ይህ እንግዲህ ድሮ ነው፣ የአማቱ አፍ ሳይቆስል፣ ሲቀላለዱ።

አማቱን ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። የላይኛው ድዳቸው ባዶ ስለነበር አማችየው ከሦስት ወር በፊት ሙሉ የላይ ጥርስ ሠራላቸው። ለማንም እንዲህ አልተጨነቀም፤ የእያንዳንዷን ጥርስ ቀለም ከታችኛው ጥርሳቸው ጋር መስኮት አጠገብ ወስዶ ሲያስተያይ አይቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እማማ ሳይጠየቁ ሁሉ ይስቁ ነበር። ከዚያ ላንቃቸው ቆሰለ። አዲስ ጥርስ መጀመሪያ ላይ ያቆስላል፣ እሱም ይህን ያውቃል፣ ወስዶ ሞረደው። ድዳቸው ቆሰለ፣ ሞረደው። ሌላ ቦታ ቆሰለ፣ አሁንም ሞረደው። ለዚህ ሥራ አንድ እርሳስ አለችው፤ ስትረጥብ ሐምራዊ ቀለም የምትለቅ አጭር እርሳስ ናት፣ ከደረት ኪሱ አትለይም። ቁስሉን በፋሻ ያደርቅና በእርሳሷ ነካ ያደርገዋል፤ ጥርሱን ይገጥማል፣ ያወጣል፤ ቀለሙ ፕላስቲኩ ላይ ያረፈባት ቦታ ቁስሉን የምትነካዋ ናት፣ እሷን ይሞርዳል። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ሲያደርግ ጥርሱ ሳስቶ ሳስቶ የሽንኩርት ልጣጭ መሰለ።

ቤቱ ውስጥ ግን ማንም አልተጣላም። ማዕድ ላይ እማማ ለብ ያለ ሾርባ በመምጠጫ ይስባሉ፣ ሦስቱም የመምጠጫውን ድምፅ ያዳምጣሉ። ሚስቱ መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ፋይል ስታገላብጥ ትውልና ማታ ደግሞ የባሏን ፊት እንደ ጠፋ ፋይል ትመለከተዋለች። እሷም በቀኝ በኩል ያለች መንጋጋዋን ያማታል። ድሮ ቢሆን «ና እያት» ብላ አፏን ትከፍትለት ነበር። አሁን ከአንድ ወር በላይ ቅርንፉድ ጥርሷ ላይ አስቀምጣ በግራ በኩል ብቻ ታኝካለች፤ ማየቱን ስታይ ደግሞ ማኘኩን ታቆማለች።

ወንድምየው ከሄደ በኋላ ሻዬን ሳልጨርስ በሬ ተንኳኳ።

«እትዬ፣ ባትሪ ትይዥልኛለሽ?»

ይህ ሥራዬ ሆኗል። ሚስቱ የእናቷን አፍ ማየት ስለማትችል፣ እሱ ሲመረምር ባትሪውን የምይዘው እኔ ነኝ። «ደሞዜ ግን ሊታሰብበት ይገባል» አልኩት። ሊስቅ ሞከረና ተወው። ነጩን የሥራ ካፖርቱን ለብሷል፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሥራ ሊሄድ ነው።

የእማማ ክፍል ጠባብ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መስኮት። የመስኮቱ ደፍ ላይ ከፋርማሲ የመጡ ጠርሙሶች ተሰልፈዋል፤ የአፍ መጉመጥመጫው፣ የፈንገስ ጠብታው፣ የሚቀባው። አንዱ ከአንዱ በዋጋ ይበልጣል፣ በውጤት ሁሉም እኩል ናቸው። ከጠርሙሶቹ ጥግ ጥርሱ የሚያድርበት ብርጭቆ አለ። የእሱ እግር ኮቴ ሲሰማ እማማ ወደ ግድግዳው ዞር ብለው ጥርሱን ሲያደርጉ እኔ ቀድሜ ገብቼ ስለነበር አየኋቸው፤ ሲደብቅ የተያዘ ልጅ እንደሚያይ አዩኝ። ተኝተው ሳሉም ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አስረዋል። «ደግሞ መጣህ ልጄ» አሉት። ድምፃቸው ከሰነበተ ጉንፋን በባሰ ሁኔታ ጎርናና ሆኗል።

ጥርሱን አወጣላቸውና ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ። እዚያ ቆየ። ገለበጠው፣ አሸተተው፣ በጥፍሩ ጫር አደረገው። ባትሪውን እንደያዝኩ ደክሞኝ «ምን አገኘህ?» አልኩ። ተመልሶ መጥቶ እርሳሷን አወጣ። እማማ አፋቸውን ሲከፍቱ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየሁ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ባትሪውን ይዤ ፊቴን ነበር የማዞረው። ቁስሉ ላንቃቸው ላይ ብቻ አልነበረም። የታችኛው ከንፈራቸው ውስጥ፣ ጉንጫቸው ውስጥ፣ ምላሳቸው ሥር፣ ወደ ውስጥ እስከ እንጥላቸው ድረስ ቀይ፣ የተላጠ፣ ዳርና ዳሩ ነጭ ጨርቅ መሳይ ነገር የተንጠለጠለበት ነው። አንድ አምስት ቦታ በእርሳሷ ነካ ነካ አደረገ። ጥርሱን ገጠመ፣ አወጣ። ፕላስቲኩ ላይ ያረፈችው ሐምራዊ ነጥብ አንዲት ብቻ ናት። ቀሪዎቹ አራቱ ቁስሎች ጋ ጥርሱ ጨርሶ አይደርስም። ቀለሙን ሊጠርግላቸው በፋሻ ጉንጫቸውን ሲነካ፣ በጣም በቀስታ ነው የነካው፣ ሽፋኑ ከፋሻው ጋር ተነስቶ መጣ፣ የፈላ ወተት ላይ ያለ ስልባቦት በማንኪያ ሲነሳ እንደሚመጣው። እማማ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እማማ፣ ይህን ጥርስ ለመጨረሻ ጊዜ ያደረጉት መቼ ነው?» አላቸው።

«ትናንት። ማታ ለመኝታ ነው ያወጣሁት።»

«እማማ። እርስዎ በቀን ስድስት ብርጭቆ ሻይ ይጠጣሉ። ሻይ ጥርስ ያቀልማል። ይህ ከእጄ እንደወጣ ነው። ብርጭቆው ውስጥም አቧራ አለ።»

እማማ ወደ እኔ አዩ፣ እንዳግዛቸው። እኔ ደግሞ ባትሪውን አየሁ።

«ሦስት ሳምንት ይሆነው ይሆናል» አሉ። «አንተ ስትመጣ አደርገዋለሁ። ምን ላድርግ? ሞርደህ ይዘኸው ስትመጣ ፊትህ ላይ ተስፋ አለ። አልተሻለኝም ብዬ ባዶ እጅህን ልመልስህ? ደግሞ ተውኩት ካልኩ ልጆቼ አንተን ይበሉሃል።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ በግድግዳው በኩል ያን ክርር የሚል የሞረድ ድምፅ ስሰማ ነበር፤ ማንም የማያደርገውን ጥርስ ነው ለካ የሚሞርደው። ቀስ ብሎ «ሰውነትዎ ላይስ የወጣ ነገር አለ?» አላቸው። የለም አሉ። ከዚያ እጃቸው ሳያውቁት ወደ ሻሻቸው ሄደ። እሱ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ እኔ ሻሹን ፈታሁት። መሃል ራሳቸው ላይ ጨርቁ ተጣብቆ ስለነበር በውሃ እያረጠብኩ ነው ያላቀቅኩት። ከሥሩ የእጅ መዳፍ የሚያህል የተላጠ ቦታ አለ። ደረታቸው ላይ ደግሞ ሁለት ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች፣ ግማሽ ውሃ እንደያዘ የላስቲክ ከረጢት ልል የሆኑ፣ አጠገባቸው የፈረጡና ያልደረቁ ሌሎች አራት አምስት። «ሙቀት መስሎኝ ነው» አሉ እማማ። «በዚህ ላይ ሌላ ወሬ አልጨምር ብዬ።»

ያየሁትን ነገርኩት። ሳይዞር ሰማኝ።

«ጥርስ የሚያቆስለው የሚነካውን ነው» አለ። «ሲወጣ ደግሞ በሳምንት ይድናል። ራስ ቅል ድረስ የሚደርስ ጥርስ ግን ሠርቼ አላውቅም።» ቀልድ ነበረች፤ ድምፁ ግን ከእማማ ድምፅ አይሻልም ነበር። ከዓመታት በፊት ክሊኒኩ ውስጥ አፉ እንዲህ የተላጠ ሰው መጥቶ፣ ሐኪሙ ጥርሱን ሳይነካ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል እንደላከው ነገረን። የበሽታውን ስም አያስታውስም። የሐኪሙን ፊት ነው የሚያስታውሰው።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ለሥራ የምትለብሰውን ቀሚስ እየተኮሰች ስለነበር ካውያውን እንደያዘች ነው የመጣችው፤ ሽቦው ተወጥሮ ከዚያ አላስኬዳትም።

«ስለዚህ ጥርሱ አይደለም» አለች።

«አይደለም።»

«ሁለት ወር ጥርሱ ነው፣ ይስተካከላል ስትለን ከርመህ፣ ዛሬ ወንድምጋሼ ሲናገርህ ጥርሱ አይደለም።»

አስረዳት። ስለ እርሳሷ፣ ስለ ሻዩ፣ ስለ ብርጭቆው። ሰው እውነቱን ሲናገር እንዲህ ሰበብ ሲመስልበት አይቼ አላውቅም፤ ባስረዳ ቁጥር ፊቷ እየተዘጋ ሄደ። በመጨረሻ «ቅዳሜ እንወስዳታለን» አለች። «ዛሬ ሰኞ ነው፣ ፈቃድ የለኝም። አንተም ከዚያ በፊት ራስህን ነጻ ማውጣትህን ተወው።» ነጻ ሊወጣ አፋፍ ላይ የደረሰ ሰው ነበር እኮ፣ ማስረጃውንም በእጁ ይዟል። ጥርሱን አየው፣ እማማን አየ፣ ከዚያ ጥርሱን ኪሱ ከተተው።

«እሺ፣ ጥርሱ ነው» አለ። «እኔ ነኝ ያቆሰልኳቸው። ለወንድምሽም እንደዚያው ንገሪው፣ ሐኪሙም ፊት እንደዚያው በይ። ብቻ ዛሬ እንሂድ። አሁን።»

ሚስቱ ሄዳ የካውያውን ሽቦ ከግድግዳው ነቀለችው።

ሆስፒታል የገባነው ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ታክሲው እማማን እንዳያንገጫግጭ ቀስ ብሎ እንዲነዳ ስንለምነው በእጥፍ አስከፈለን፤ ቀስ ማለት ውድ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ጸሐፊዋ ቀና ሳትል «ምን ሆነው ነው?» አለች። ሚስቱ አፏን ከፈተች፣ ባሏን አየችው፣ ከዚያ እንደተባለችው «ሰው ሠራሽ ጥርስ ጎድቷቸው ነው» አለች። ጸሐፊዋ ካርዱ ላይ ማኅተም መታች። «ጥርስ ክፍል፣ ሁለተኛ ፎቅ።» እሱ ሊናገር ጣቱን አነሳ፤ ከኋላችን ያለው ሰልፍ ገፋንና ጣቱ እንደተነሳ ቀረ። ቤት ውስጥ ያዳነችን ውሸት እዚህ ቀድማን ደርሳ ወደማይሆን በር መራችን።

ጥርስ ክፍሉ በር ላይ ሠላሳ አንድ ሰው ይቀድመናል። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ድሮ ነጭ የነበረ ነው። አንድ ረጅም የእንጨት አግዳሚ አለ፣ መደገፊያው አንዲት ጣውላ ናት። ሁሉም ጉንጩን ይዟል። ጥርስ ሠሪው ካፖርቱን ማውለቅ ስለረሳ፣ ቆሞ ሳለ አንዱ ሽማግሌ እጁን ይዘው «ዶክተር፣ ይችን ብቻ እይልኝ» ብለው አፋቸውን ከፈቱለት። ዶክተር አይደለሁም አለ፤ አፉ ግን ተከፍቷል፣ እሱ ደግሞ የተከፈተ አፍ አይቶ ማለፍ አይችልም። አየላቸው። ከዚያ ሌላዋ መጣች፣ ከዚያ ሌላው። «ከዚህ ይልቅ ጠረጴዛ ላውጣልህ?» አልኩት። ሚስቱ በጎን አይታው፣ ልትስቅ የፈለገች መሰለኝ፣ ወዲያው ጉንጯን ያዘች። እሱ መያዟን አየ። እሷም ማየቱን አየች። ሁለቱም ወደ ግድግዳው ዞሩ።

እንዲህ ሆነን ሰዓቱ አለቀ። ሠላሳ አንዱ ወደ አሥራ ስምንት ወረደ። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ለምሳ እንደሚዘጋ ተናገረ። እማማ አግዳሚው ላይ ተደግፈው ነበር፤ ውሃ ስሰጣቸው መዋጥ አቅቷቸው በአፋቸው ዳር ፈሰሰ። ላቃናቸው ከጣውላው ላይ ሳነሳቸው የቀሚሳቸው ጀርባ ርሷል። ጨርቁን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ጣውላው በተጫነበት መስመር ላይ የትከሻቸው ቆዳ ተንሸራቶ፣ እንደ እርጥብ ወረቀት ተጨማዷል። ባትሪ ከመያዝ በቀር እውቀት የለኝም፣ ግን ይህን ለማወቅ እውቀት አያስፈልግም ነበር። እጁን ጎትቼ አሳየሁት።

ወደ በሩ ሄደና ሳያንኳኳ ከፈተው። ሰልፉ በአንድ ድምፅ «ወረፋ አለ እኮ ዶክተር» አለ፤ እየተሰደበም ማዕረጉን አልነፈጉትም። በሩ ስላልተዘጋ ሁላችንም ሰማን። ውስጥ ያለችው የጥርስ ሐኪም ወጣት ሴት ናት፣ ጓንቷን እያወለቀች ነበር።

«ሰው ሠራሽ ጥርሱን የሠራሁት እኔ ነኝ» አላት።

«ቅሬታ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ቢሮ።»

«ቅሬታ አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው ተብሎ ነው ካርዱ የወጣው። እኔው ነኝ እንደዚያ በሉ ያልኩት። ቢሆንልኝም ደስ ይለኝ ነበር። ግን አይደለም።» ጥርሱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ፣ ሐምራዊዋ ነጥብ ወደ ላይ። ከዚያ ሳይቸኩል፣ ዕቃ እንደሚያስረክብ ሰው፣ ዘረዘረላት። ሁለት ወር ነው። ጥርሱን ካወጡት ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል፣ አዲስ ቁስል ግን እየወጣ ነው። ጥርሱ የሚነካው አንዱን ነው፤ ቀሪው ምላስ ሥር ነው፣ ጉንጭ ውስጥ ነው፣ ጉሮሮ ነው፣ ድምፃቸውም ተዘግቷል። ራሳቸው ላይና ደረታቸው ላይ ውሃ እየቋጠረ ይፈርጣል። አሁን ደግሞ አግዳሚው ላይ ስለተደገፉ ብቻ ቆዳቸው ተነሳ።

የመጨረሻዋን ሲናገር ሐኪሟ ወንበሯን ገፍታ ተነስታ ነበር። ወደ እማማ መጣች፣ ተንበረከከች፣ ደረታቸው ላይ ካለው እብጠት አጠገብ ጤነኛ የሚመስለውን ቆዳ በአውራ ጣቷ ገፋ አደረገችው። ተንሸራተተ። «አዲስ የጀመሩት ኪኒን አለ?» ብላ ጠየቀች፤ ከስምንት ዓመት ጀምሮ ከሚውጡት የደም ግፊት በቀር የለም። ዓይናቸውን አየች፣ ሽንት ሲሸኑ ያቃጥላቸው እንደሆነ በጆሯቸው ጠየቀች። ከዚያ ለዘበኛው «ጋሪ» አለችው፣ ስልኳንም አወጣች። ሰልፈኛው ሁሉ ጉንጩን ለቀቀ።

የቆዳ ሐኪሙ ሸምገል ያለ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ነው፤ ምሳውን ትቶ ወደ ጥርስ ክፍሉ ነው የመጣው። ነገሩን በቀላሉ ነው ያስረዳን። የገዛ ሰውነታቸው ቆዳቸውን እንደ ባዕድ ቆጥሮት ቆዳን ከቆዳ ያያዘውን ነገር እየፈታው ነው አለ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ብዙ ጊዜ አፍ ላይ ይጀምርና ወራት ይቆያል፤ ሰውም የጥርስ ነው፣ የፈንገስ ነው እያለ ይከርማል። አፍ ቆስሎ በሳምንት በሁለት ሳምንት ካልዳነ፣ ሌላ ቦታም ከወጣ፣ ያኔ መምጣት ነው። ከቆዳቸው ቁራጭ ተወስዶ ይመረመራል፣ መድኃኒቱ ግን ዛሬውኑ ይጀመራል፤ የተላጠ ሰውነት ውሃውን ያፈስሳል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል፣ ሰው የሚሞተው በዚያ ነው። ሚስቱ «ትድናለች?» አለች። «ረጅም መንገድ ነው። መድኃኒቱም የራሱ ጣጣ አለው» አለ። «በጊዜ ደርሳችኋል ማለት እችላለሁ። እስከ ቅዳሜ እሑድ ብትቆዩ ኖሮ ግን…» አልጨረሰውም፤ አንዲት ነርስ ወረቀት እንዲፈርም አቀረበችለት። ሚስቱ የቦርሳዋን ማንገቻ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው፣ ፈታችው፣ መልሳ ጠቀለለችው። ቅዳሜ የሚለውን ቃል ማንም አላነሳባትም። ባሏም ወደ እሷ አላየም፤ ቆሞ የመስኮቱን መዝጊያ ይመረምራል። ሐኪሙ ከመውጣቱ በፊት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጥርስ አንስቶ በብርሃን አየው። «ማነው እንዲህ ያሳሳው?» አለ። «እኔ» አለ ጥርስ ሠሪው። «ጥሩ እጅ አለህ» አለና አስቀመጠው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እማማ አልጋ ይዘው፣ ክንዳቸው ላይ መርፌ ተሰክቶ፣ ራሳቸው በነጭ ተሸፍኖ ተኝተዋል። አንሶላው እንዳይነካቸው ከላያቸው እንደ ድንኳን ተደርጎ ተወጥሯል። አማቻቸውን በጣታቸው ጠሩት። ድምፃቸው ስለማይወጣ ጎንበስ አለላቸው፤ እኔም፣ ምን ላድርግ፣ ልማድ ነው፣ ጎንበስ አልኩ።

«ይኸውልህ፣ ከእንግዲህ እንዳትሞርደው» አሉት። «ስድን አዲስ ነው የምትሠራልኝ። ሲጠበኝም ሲሰፋኝም እነግርሃለሁ። አልደብቅህም።»

«የአፍዎ ጄሶ መደርደሪያዬ ላይ አለ» አላቸው። «ሳይቆስል የነበረው።»

ዋርዱ በር ላይ ወንድምየውን አገኘነው፤ ሌሊቱን እናቱ ጋ ሊያድር ከሥራ በቀጥታ መምጣቱ ነው። እህቱ በስልክ ሁሉንም ነግራዋለች። ከጥርስ ሠሪው ፊት ለፊት ቆመ፣ ሁለቱም ረዥም ናቸው፣ ሁለቱም ወለሉን ያያሉ። ይቅርታ የሚባለው ነገር በመሃላቸው መጥቶ የቆመ መሰለኝ፣ ማንም አላነሳውም። ወንድምየው «በልታለች?» አለ። «ቀዝቃዛ ወተት፣ በመምጠጫ። ግማሽ ብርጭቆ» አለው። «እሺ» አለ። ከዚያ ብብቱ ውስጥ የያዘውን በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ አወጣና ሰጠው። «ትኩስ ነው። እናንተ እራት አትሠሩም ዛሬ።»

አውቶቡስ ውስጥ ሦስታችንም አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥን፣ ዳቦው መሃላችን። ማንም አላወራም፤ እኔም አላወራሁም፣ ይህን የሚያውቀኝ ሰው ሲሰማ አያምንም። ቤት ስንደርስ ጀንበሯ እየጠለቀች ነበር። በየበራችን ገባን። ሻይ ጣድኩ። የጠዋቱ ብርጭቆዬ ግማሽ እንደሆነ ጠረጴዛው ላይ አለ። በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ የሞረዱ ድምፅ ይጀምር ነበር፤ ክርር፣ ክርር፣ ሁለት ወር ሙሉ የተማረርኩበት። ያን ቀን አልተሰማም። ዳቦ ሲቆረስ ሰማሁ። ማንኪያ የለም፣ መምጠጫ የለም። ሁለት ሰዎች ሲያኝኩ፣ አንደኛዋ ቀስ እያለች።

ከዚያ ማኘኩ ቆመና ሚስቱ «ና እስቲ» አለች። «ይችን መንጋጋዬን እያት።»

ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። «አፍሽን ክፈቺ። ከዚህ በላይ» አላት። እንደተለመደው በሬን እንደሚያንኳኳ ስላወቅኩ ባትሪዬን አንስቼ፣ ጫማዬን አድርጌ ጠበቅሁ። አልመጣም። ትንሽ ቆይቶ የእሷን ድምፅ ሰማሁ፣ አፏ ተከፍቶ ስለነበር ቃሉ በግድ ነው የወጣው።

«ተው አትጥራት። እኔው እይዘዋለሁ።»